መርዶ በፌስቡክ

በእኛ በሰሜን ሸዋ መርዶ እንደ ዋዛ አይነገርም። ሰው በሩቅ አገር መሞቱ ሲሰማ ሽማግሌዎች አስቀድመው እውነት መሆኑን ያጣራሉ፤ ማን እንደሚናገር ይመካከራሉ፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ከቤተሰቡ ደጃፍ ይደርሳሉ። ልበ ደካማ ካለም ይታሰብለታል። ትናንት ግን ጎረቤቴ እማማ መርዷቸውን ከፌስቡክ ሰሙ፤ ያውም የውሸት መርዶ።

ልጃቸው ከደሴ ወደ ደብረ ብርሃን እየመጣ ነበር፤ ስልኩ አይሠራም። «ጣርማ በር ላይ አውቶቡስ ገደል ገባ፤ የተረፈ የለም» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው እህቱ ስልክ ላይ መጣ። ስደርስ እማማ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይመታሉ። ጉሙን፣ ዋሻውን፣ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ለማመን አይቸገርም። ጸሐፊው የምንፈራውን ቦታ መርጧል።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። መሪው በቀኝ፣ የመሳፈሪያው በር በግራ ነው። እኛ አገር መኪና የመንገዱን ቀኝ ይዞ ስለሚሄድ ተሳፋሪ የሚወርደው በቀኝ በኩል ነው። «እማማ፣ በሩን ይዩት፤ ይህ የእኛ አገር አውቶቡስ አይደለም» ብል ማን ሰምቶኝ! ልጁ ከሸዋ ሮቢት በሰው ስልክ እስኪደውል ድረስ ለቅሶው አልቆመም። ባትሪው አልቆበት ኖሯል።

ሕጉስ አለ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ላሰራጨ ሰው ቅጣቱን ያከብዳል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡት ያዛል። እኔም ጠቁሜያለሁ። እማማ ግን ደረታቸውን ለመምታት 24 ሰዓት አልጠበቁም። ወሬውን የፈጠረውን ሕግ ይፈልገው፤ እኔን ያስገረሙኝ «ነፍስ ይማር» እያሉ በቅንነት ያጋሩት የሰፈራችን ልጆች ናቸው። የእውነት መርዶ ቢሆን የእማማን በር ብቻቸውን ለማንኳኳት የሚደፍር ከመካከላቸው አንድም የለም።

ዛሬ ለእድራችን ዳኛ ሐሳብ አቀረብኩ፤ በእድሩ የቴሌግራም ቡድን የሞትና የአደጋ ወሬ ሁለት ሰው ሳያጣራው እንዳይለጠፍ። ጋሼ ወደዱት። «አጣሪው ግን ማን ይሁን? ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ የሚደውል፣ መናኸሪያ ሄዶ የሚጠይቅ፣ ሌሊትም ቢሆን» አሉኝ። እሑድ በስብሰባው ሊያነሡት ነው። እኔን ሊጠቁሙ እንዳሰቡ ከአነጋገራቸው ገብቶኛል።