የውሻ ማቆያዬ ጩኸት በመጨረሻ ቀነሰ

ሰላም ወዳጆች! ክፍሎቹ ሁሉ ሞልተው እንኳ ሌሊቱ በሰላም ማለፍ ጀምሯል። በጣም ደስ ብሎኛል። የውሻ ማቆያ፣ ማለትም ባለቤቱ ሲሄድ ውሻው የሚቆይበት ቤት፣ ለመክፈት ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ጅማሬውን ባጭሩ ልለፈው። ፈቃድ፣ ቦታ፣ ውሃ የማይጠጣና ወደ ፍሳሽ መውረጃው የሚያዘቀዝቅ ወለል። አድካሚ ነው እንጂ መንገዱ ይታወቃል። ድርብ በር ግን የግድ ነው። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት።

ጩኸቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ውሾች አንድ ጣሪያ ስር ሲጮኹ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ለሰው ጆሮ በቀን 8 ሰዓት 85 ዴሲቤል መስማት እንኳ ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጎረቤት ቅሬታ ብቻ አይደለም። ውሾቹም ይጨነቃሉ፤ የተጨነቀ ውሻ ደግሞ ምግብ ይተዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ከስቶ ይጠብቀዋል።

«ተቆጣቸው» የሚል ምክር ብዙ ሰምቻለሁ። አይሠራም። በጩኸት መሀል ሌላ ጩኸት መጨመር ነው። በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን የአንገት ማሰሪያ ደግሞ ግቢዬ አላስገባም። ውሻው ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ፈርቶ ወይም ሰው ናፍቆ ነው፤ ፍርሃት ላይ ሕመም መጨመር ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

የረዳኝ ጩኸቱን ማን እንደሚያስጀምረው ቁጭ ብሎ ማየት ነው። አንድ ውሻ በኮሪደሩ ሲያልፍ ፊት ለፊት ያሉት ያዩታል፣ አንዱ ይጀምራል፣ ከዚያ ሁሉም ይከተላል። ስለዚህ በክፍሎቹ መካከል ያለውን የሽቦ አጥር ከውሻ ቁመት በላይ በሚታጠብ ነገር ሸፈንኩት፤ ፊት ለፊት የሚተያዩትንም እንዲሁ። ሙሉ በሙሉ መድፈን ግን ጥሩ አይደለም። አንዳንዱ ምንም ካላየ ይብስበታል፤ ወደ ውጭ የሚያይበት ቦታ ተዉለት። ባዶ ግድግዳና ቆርቆሮ ድምፁን መልሶ ስለሚያስተጋባው ጣሪያው ላይ፣ ውሾቹ በማይደርሱበት ከፍታ፣ ድምፅ የሚውጥ ነገር አድርጌያለሁ። አዲስ የመጣውን ከበሩ ራቅ ያለ ጥግ እሰጠዋለሁ፣ ባለቤቱ የለበሰውን ያልታጠበ ልብስም አጠገቡ አደርግለታለሁ። ምግብና ሽርሽር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ሳህን ይዤ የምገባውም ጸጥ ሲሉ ብቻ ነው፤ ሲጮኹ ከገባሁ ጩኸት ምግብ እንደሚያመጣ ይማራሉ።

ከባለቤቱ ተለይቶ የማያውቅ ውሻ ግን እስካሁን ያሸንፈኛል። እስኪነጋ ያላዝናል። አሁን ረጅም ቆይታ ከመቀበሌ በፊት አንድ ሌሊት አሳድሬ አየዋለሁ። ካልበላ ወይም ሽቦ እየነከሰ አፉን ከጎዳ አልቀበልም። ሻንጣውን አዘጋጅቶ ለሚለምነኝ ሰው እምቢ ማለት ግን አሁንም ይከብደኛል።

ክትባት ላይ ግን ልመና አልሰማም። የክትባት ካርድ ከሌለ በር አይከፈትም። ጠዋት ተከትቦ ከሰዓት መምጣትም አይሆንም፤ ክትባት ሰውነትን ለማዘጋጀት ቀናት ይፈልጋል። የውሾች ተላላፊ ሳል ከተያዙ ከ2 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ሊታይ ስለሚችል ደህና ሆኖ የወጣ ውሻ ቤቱ ገብቶ ሊያስል እንደሚችል ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ስለ ጽዳት አንድ ነገር ብቻ። ውሾችን በከባድ ተቅማጥና ትውከት የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ ወለል ላይ ለወራት ይቆያል፤ በአልኮል አይሞትም። መጀመሪያ ቆሻሻውንና ሽንቱን በሳሙና አጥባችሁ አንሱ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ ወለሉ ላይ አቆዩት። ቆሻሻ ካለ በረኪናው ኃይሉን ያጣል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ውሾቹን የምትመልሱት ወለሉ በውሃ ተለቅልቆ ሲደርቅ ነው።

ሌሊት የሚያላዝን ውሻ ያረጋጋችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው።