ፊቴን ያዞርኩበት ገላ፦ ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ

ከሆስፒታል ወጥቼ ድሬዳዋ ቤቴ ስገባ ይዤው የመጣሁት «አይዞህ፣ ታገሥ» የሚል ቃልና የምቀመጥበት የተነፋ የጎማ ቀለበት ነበር። ያኔ ያልተነገረኝን ሌላው ሳይጎዳ እንዲያውቀው እጽፈዋለሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ሽንት በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ በካቴተር (ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ይወጣል፤ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ ዘግይቷል ማለት ነው። ዓይነ ምድር በተወሰነ ሰዓት፣ ከቁርስ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሌሊት በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ። እነዚህ ይለመዳሉ።

ያልለመድኩት ገላዬን ማየት ነበር። ከእምብርቴ በታች ያለው አካል የእኔ አልመስል አለኝ፤ ሲያጥቡኝ ፊቴን አዞር ነበር። «መጀመሪያ ሁኔታህን በልብህ ተቀበል» ይሉኛል፤ እኔ ግን አልስማማም። ልብ እስኪቀበል ቆዳ አይጠብቅም።

ሰው ናፍቆኝ በርጫ መሄድ ጀመርኩ። መሄዴ ትክክል ነበር፤ የጎዳኝ አቀማመጤ ነው። ወለል ላይ በተነጠፈ ስስ ፍራሽ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሳልንቀሳቀስ እቀመጥ ነበር። ሌላው ሰው ሲቆረቁረው ሳያውቀው ይገላበጣል፤ እኛ ግን ገላችን ስለማይሰማን የሚቆረቁረን የለም። አጥንቱ ሥጋውን ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፣ የድሬ ላብ ቆዳውን ያረጥበዋል፣ ምርቃናው ደግሞ ሰዓቱን ያስረሳል። ጫቱም አንጀት ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ሲጠፋ ድብርቱ ይበረታል።

ቀለበቱ አባሰው። መሀሉ ክፍት ስለሆነ የሚያሳርፍ ይመስላል፤ ግን ዙሪያውን ሲጫን ወደ መሀል የሚሄደውን ደም ያንቃል። የሰጠኝ ባለሙያ ይህን ማወቅ ነበረበት፤ እስካሁን ያናድደኛል። የሚሻለው ወፍራምና ጠንከር ያለ ስፖንጅ ነው። ተቀምጣችሁበት እጅ ከሥሩ ሲገባ የመቀመጫ አጥንቱ ከተሰማ አይበቃም።

«ቆዳው ሲቀላ ተጠንቀቁ» የሚለውም ምክር ለእኛ አይሆንም። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ይችላል። ከዙሪያው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ፈልጉ። ካገኛችሁ አትሹት፤ ምልክቱ ጨርሶ እስኪጠፋ በዚያ በኩል አትቀመጡ፣ አትተኙ። እኔ ቁስሉን ሽታው እስኪነግረኝ አላየሁትም፤ ከዚያም አፍሬ 10 ቀን ደበቅሁት። 3 ወር በደረቴ ተኛሁ። በእነዚያ ወራት የወረደብኝ ጨለማ ከአደጋው ጊዜ የባሰ ነበር።

ሐዘን ይመጣል፣ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላላችሁ ግን «ታገሥ» አይበቃም፤ የአእምሮ ሐኪም ያስፈልጋል። የመሞት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለሰው ተናግራችሁ ሂዱ። ቁልቢ መሳልም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ሐኪም አያስቀርም።

አሁን ጠዋትና ማታ ራሴ በመስታወት አያለሁ፤ የማይደርሰውን በስልክ ካሜራ። ስልኬ በየ20 ደቂቃው ይጠራል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ደረቴን ጭኔ ላይ አድርጌ 2 ደቂቃ እቆያለሁ። በክንድ ተደግፎ ብድግ ማለት ይመከራል፣ ግን ያን ያህል የሚያቆይ ጉልበት ያለው ጥቂት ነው፤ ትከሻም ይጎዳል።

በርጫውን አልተውኩም። ጫቱን ትቼ ሻይ እጠጣለሁ፣ ፍራሹ ላይ ሳልወርድ ከነዊልቸሬ። ስልኬ ሲጠራ ከጎኔ ያለው ጨዋታውን ሳያቋርጥ «ጎንበስ በል» ይለኛል።