ድሬ ላይ የጌም መናፈሻ ስሠራ፦ ተነግሮኝ ያልሰማሁት

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ቀድሞ ጽፎት ቢሆን ኖሮ የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጥርስ አይሰበርም ነበር ብዬ ስለማምን ነው። ቦታው፣ ቀለሙ፣ ፈቃዱ በገንዘብና በትዕግሥት የሚያልቁ ነገሮች ናቸው፤ እነሱን ቶሎ ቶሎ አልፋቸዋለሁ።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ለሰባት ዓመት ፕሌስቴሽን ቤት ነበረኝ። አራት ቴሌቪዥን፣ ስምንት ጆይስቲክ፣ አንድ ቬንትሌተር። ልጅ ጌም ሲጫወት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ሲዘል እሱም ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ሰውዬው ሲወድቅ የልጁ ትከሻም አብሮ ይወርዳል። ይህን ስመለከት ኖሬ፣ ዩኒቨርሳልና ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. ማርች 2021 ጃፓን፣ ኦሳካ ላይ የከፈቱትን የማሪዮ ጌም መናፈሻ በስልኬ አየሁ። እጁ ላይ አምባር ያሰረ ልጅ የጥያቄ ምልክት ያለበትን ሳጥን ከሥር በጡጫ ሲመታው የሳንቲም ድምፅ ይሰማል፣ ሳንቲሙም ይቆጠርለታል። በጣቱ ሲያደርገው የኖረውን በሙሉ ሰውነቱ አደረገው ማለት ነው። የፕሌስቴሽን ቤቱን ሸጥኩ፣ የዕቁብ ዕጣዬን ጨመርኩ፣ ስድስት መቶ ካሬ የሚሆን ግቢ ተከራየሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ግድግዳው ላይ ማሪዮን ማሣል ነበር። የሕግ ባለሙያ ወዳጄ መጥቶ አየና የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998ንና የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አስነበበኝ። «ሁሉም ይሥላል» አልኩት። «ሁሉም ቢሥልም ያንተ አይሆንም» አለኝ። በማግሥቱ አስጠፋሁት። ዛሬ ሳስበው ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው፤ የራሳችንን ጌም እንድንሠራ አስገደደን።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ነው። ጎዶት በሚባለው ነፃ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ተቀምጦ ሐረርን ሠራ። ጌሙ ቀላል ነው፦ አንድ ልጅ በጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ጠባብ መንገዶች እየሮጠ ሳንቲም ይሰበስባል፣ ጅብ ይከተለዋል፣ በሮቹ ሳይዘጉ ከአምስቱ በአንዱ መውጣት አለበት። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ፓክማን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ መላው ዓለም የወደደው ይህንኑ ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ የሚለቀም ነገር፣ ከኋላ የሚያባርር። እኛ ዘንድ ግን መንገዱ ተሠርቶ ለዘመናት ቆይቷል። ከድሬ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጦልን ኦሳካን እንመኛለን።

ግቢው ውስጥ ያንኑ ጁገል በትንሹ ገነባን። ግንቡ ከልጅ ቁመት በላይ፣ ከወላጅ ዓይን በታች ነው፤ ወላጅ ከውጭ ሆኖ ልጁን በአናት በኩል ያየዋል፣ ልጁ ግን ከግንቡ ሌላ አይታየውም። ከግንቡ ሥር ወራባ ኑዱል አበጀን፤ ሐረር ላይ ጅቦች ወደ ከተማው የሚገቡበት ቀዳዳ እንደዚያ ነው የሚባለው። ልጆቹ በደረታቸው እየተሳቡ ያልፉበታል። ከየትኛውም ነገር በላይ የሚሰለፉለት ይህ ቀዳዳ ነው፤ ያስወጣኝም የአንድ ቀን የግንበኛ ደመወዝ ብቻ ነው።

እንደ ኦሳካው በአምባር የሚቆጥሩ የሳንቲም ሳጥኖችም ሠራን። ለእነሱ አንድ ምክር፦ አምባሩን የሚያነበውን ዕቃ ከላሜራ ጀርባ እንዳታስቀምጡ። እኔ ለጥንካሬ ብዬ አሥር ሳጥን በላሜራ አስበየድኩ፤ አንዱም አላነበበም። ብረት የአንባቢውን ሞገድ ያፍነዋል። ፊቱን ሦስት ሚሊ ፕላስቲክ አድርጉት፣ ዙሪያውን ብረት። ሁለት ሳምንት የከፈልኩበት ትምህርት ነው። ሰዓቱንም በተመለከተ፣ ጠዋት አትክፈቱ። ድሬ በቀትር ብረት የሚነካባት ከተማ አይደለችም። እኔ ከአሥር ሰዓት በፊት በር አልከፍትም።

አሁን ወደ ጋሪው።

ጋሪ መሥራት አልነበረብኝም። ልጆቹ በቀዳዳውና በሳጥኖቹ ጠግበው ይሄዱ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ኦሳካ ላይ የተከፈተውን የዶንኪ ኮንግ የማዕድን ጋሪ አየሁ። ሀዲዱ ተሰብሮ ጋሪው በአየር ላይ የሚዘል ይመስላል፤ እውነተኛው ሀዲድ ከሥር ተደብቋል። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። እኔም ከጅቡ የሚያመልጥ ጋሪ ይኖረኛል አልኩ፦ አራት ልጅ ይጭናል፣ በሰንሰለት ሦስት ሜትር ከፍታ ይወጣል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ተንደርድሮ ግቢውን ይዞራል።

ብየዳውን የያዘልኝ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ዕድሜውን በሀዲድና በፉርጎ መካከል የፈጀ ሰው። ሞተሩን ከወፍጮ ቤት ገዛሁ፣ አምስት ተኩል ኪሎዋት ስሪ ፌዝ፣ በሦስት የመብራት መስመር የሚሠራ። ጋሼ የመጀመሪያው ቀን ዳገቱ ሥር ቁጭ ብሎ ሀዲዱን በመዳፉ እየዳበሰ «ፍሬኑስ?» አለኝ። መውረጃው ላይ ፍሬን እንዳለ ነገርኩት። «እሱን አይደለም። ሲወጣ ወደኋላ ቢልስ?» ሞተሩ ስለሚጎትተው ወደኋላ አይልም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «አቦ፣ ሞተር አይታመንም» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ደግሞ አላነሳብኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። አሁንም ድረስ የሚቆጨኝ አለመጠየቄ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ስሄድ ያገኘሁት ሠራተኛ «ግንባታው ሲያልቅ ጥራን» አለኝ። ሥዕሉን ላሳየው ብዬ ዘረጋሁለት፤ አላየውም። ሲያልቅ ጠራኋቸው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። የእሳት ማጥፊያውን ቀን አነበቡ። ሽንት ቤቱን አዩ። ታፔላው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለኩ። ስለ ጋሪው የጠየቁኝ ስንት ሰው እንደሚይዝ ብቻ ነው። የመሐንዲስ ማህተም ያለበት ወረቀት ስለነበረኝ ይበቃል አሉ። ማህተሙን የመታልኝ ሰው ግቢዬን በአካል አይቶት አያውቅም፤ ከፍዬ ነው ያስመታሁት፣ ይህንንም አልደብቅም። ከሦስቱ አንዱም ጎንበስ ብሎ ከጋሪው ሥር አላየም። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔም ወረቀቱን ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ሰቀልኩ፤ ያን ቀን ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ልከፍት አንድ ቀን ሲቀረው የሰፈር ልጆችን ጠራሁ። ጠዋት አራት ኩንታል አሸዋ ጭነን ሃያ ጊዜ አሽከርክረነዋል፤ ሃያውንም ጊዜ እንደ ሰዓት ሠራ። ቀትር ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተነሳ፣ መብራት ሄደ። ሰፈር ውስጥ መስመር ሲጠገን ዋለ። አመሻሽ ላይ መብራት መጣ፣ ልጆቹም በደስታ ጮኹ። አራቱን አሳፈርኩ፤ አንዷ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ የኋላው ወንበር ላይ። ቁልፉን ተጫንኩ።

ጋሪው ወደኋላ ሄደ።

ስሪ ፌዝ ሞተር የሚዞርበት አቅጣጫ በሦስቱ መስመሮች ቅደም ተከተል ነው የሚወሰነው። ከሦስቱ ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል። ድምፁ ያው ነው፣ ጉልበቱም ያው ነው፤ አምፖሉም፣ ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም ምንም ልዩነት አያሳዩም። ከጥገና በኋላ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሞተሩን የሸጠልኝን ሰው አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። የጠየቅሁት ዋጋውን ብቻ ነው።

ከጋሪው ኋላ እስከ ግንቡ አራት ሜትር ነበር። ሰንሰለቱ በሰከንድ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ይጎትታል። አምስት ሰከንድ ማለት ነው። ማቆሚያው ቁልፍ ግን መውረጃው በኩል ነበር፣ እኔ ከቆምኩበት ስድስት ሜትር ርቆ፤ አደጋ ይመጣል ብዬ ያሰብኩት በዚያ በኩል ስለነበር። ጎማም የደረደርኩት በፊት በኩል ብቻ ነው። መንጠቆው ሰንሰለቱን በሁለቱም አቅጣጫ እንዲይዝ ያስደረግሁትም እኔ ነኝ፣ እንዳይንሸራተት ብዬ። ሁለቱን ሰከንድ ምን እየሆነ እንደሆነ ሳይገባኝ አፈጠጥኩ። ስሮጥ ግንቡ ሲመታ ሰማሁ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ፤ በጣቶቿ መካከል ደም ይወርዳል። የላይኛው የፊት ጥርሷ፣ የወተቱ አይደለም፣ አዲሱ ጥርስ፣ ግማሹ የለም። የተሰበረውን ቁራጭ ከጋሪው ወለል ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የሩዝ ፍሬ ያህል ነው። እናቷ ስትደርስ ስድብ ስጠብቅ «አንተን አምኜ ነው እኮ የላክኋት» ብቻ አለችኝ። ሐኪም ቤት አብረን አደርን። ጥርሱ ተሞልቶላታል፤ ወጪውን ሁሉ ሸፍኛለሁ፤ ሲያድግም ዳግም መታየት ስላለበት እስከዚያ ድረስ የኔ ዕዳ ነው።

በማግሥቱ ጋሼ ሳልጠራው መጣ። ምንም አላለኝም። ከአሮጌ አይሱዙ የወጣ ባሌስትራ፣ መኪናውን የሚሸከመውን ጠንካራ ብረት፣ በከረጢት ይዞ ነበር። ሁለት ቀን ፈጅቶ ዳገቱን በሙሉ ከጋሪው መነሻ ጀምሮ ጥርስ አበጀለት፣ ከጋሪው ሥርም ከባሌስትራው የተቆረጠ ምላስ አሰረ። ጋሪው ሲወጣ ምላሱ በጥርሶቹ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ወደኋላ ሊል ሲል ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል። መብራትም ሞተርም አያስፈልገውም። በትልልቆቹ የዓለም መናፈሻዎች ጋሪ ዳገት ሲወጣ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከዚሁ የመጣ ነው። ለዓመታት በቪዲዮ ስሰማው ለማስፈራራት የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባው ላይ የፌዝ ሪሌይ አስገባሁ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ወይም አንዱ ከጎደለ አያስነሳም። ዋጋው ከአንድ የእሑድ ገቢ ያነሰ ነው። ቆይቼም ኢንቨርተር ጨመርኩ፤ እሱ የሚገባውን ኃይል ለውጦ በራሱ ቅደም ተከተል ስለሚያወጣ የመስመሩ መገለባበጥ አይነካውም፣ አነሳሱም ለስላሳ ነው። ከሁለት አንዱን ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ሪሌዩን ግዙ። ምንም መግዛት ካልቻላችሁ ባሌስትራውን አሠሩ። እሱንም ካልቻላችሁ ጋሪውን ተዉት፤ ልጆቹ ቀዳዳው ይበቃቸዋል።

«ሲያልቅ ጥራን» ላሏችሁም እሺ አትበሉ። ሲሚንቶው ሳይፈስ፣ ብየዳው ቀለም ሳይቀባ በደብዳቤ ጥሯቸው፤ ካልመጡ ደብዳቤውን ያዙ፣ እያንዳንዱን ብየዳ ፎቶ አንሱ። ማህተም አትግዙ። በምትኩ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ቁጭ በሉ፣ ቡና ጋብዟቸው፣ ሞተር ሲበላሽባቸው ምን እንደሆነ ጠይቁ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ጋሪው መጀመሪያ ባዶውን ይዙር። እኔ ጋ ብሬከሩ አጠገብ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ መብራት የመጣበት ሰዓትና ባዶውን ያዞረው ሰው ፊርማ ይሰፍርበታል። ወረፋ የያዘ ወላጅ ይቆጣል። ይቆጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ የልጅ ልጁን ይዞ መጣ። ሕፃኑ ወደ ወራባ ኑዱል ሮጠ፣ እሱ ግን ዳገቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ጋሪው ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሲወርድ አዳመጠና ጠራኝ። «ሰባተኛው ጥርስ ተበልቷል» አለኝ። «ነገ ቀይረው።» ቲኬት መሸጥ አቁሜ ያኑ ማታ ቀየርኩት።