ኮዱን የጻፈው ሰው ራሱ አያቅርብ

የዴቨሎፐሮች (የሶፍትዌር ሠሪዎች) ቡድናችን ውስጥ የኮድ ሪቪው ፕሮግራም ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። በወር አንዴ እንገናኛለን፣ የአንድ ሰው ኮድ ይቀርባል፣ የቀረነው አይተን አስተያየት እንሰጣለን። አሁን ደህና እየሄደ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሳስታውስ ግን እስካሁን እሸማቀቃለሁ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። አዳራሽ መለመን፣ በቴሌግራም ቀን ማስመረጥ፣ ፕሮጀክተር መዋስ፣ ይኼን ማንም ያደርገዋል። የአዳራሹ ኃላፊ ሦስቴ ደብዳቤ አስጽፎኝ ሲያበቃ በቀኑ ቁልፉን ይዞ ጠፋ። አርባ ደቂቃ በር ላይ ቆመን ጠበቅነው፣ መጣ፣ ይቅርታ እንኳን አላለም። አንድ ነገር ብቻ ልምከር፦ ላፕቶፑን ከአንድ ቀን በፊት ከፕሮጀክተሩ ጋር ሞክሩት። ጥቁር ስክሪን ላይ ያለ ኮድ ኋላ ለተቀመጠ ሰው አይነበብም። ነጭ አድርጉት፣ ፊደሉንም አተልቁት።

ወደ ጉዱ ልምጣ።

ለመጀመሪያው ቀን የመረጥኩት ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። እምቢ ማለት አይችልም። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው፣ አሁን ሳስበው ነውር ነው። "ምን ላዘጋጅ?" ሲለኝ "ምንም፣ ኮድህን ይዘህ ና" አልኩት። ይዞ መጣ። 1,800 መስመር ገደማ። ቀድሞ ያየው ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ሁለተኛውን ፋይል ሳይከፍት ከኋላ እጅ ወጣ። ሁላችንም የምናከብረው ነባር ባለሙያ ነው። "ታብ ነው ስፔስ የተጠቀምከው?" አለ። መስመሩን ወደ ውስጥ ያስገባኸው በየትኛው የኪቦርድ ቁልፍ ነው ማለቱ ነው። ልጁ ሁለቱንም ቀላቅሏል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ታብ የሚወዱትና ስፔስ የሚወዱት እርስ በርስ ተያያዙ። እነሱ በረድ ሲሉ ሌላው ስለ ቫሪያብል፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ ዋጋ ስለሚቀመጥበት መያዣ፣ ስም ጀመረ። "ቴምፕ2" የሚል ስም ነበረ፣ እውነት ለመናገር አያምርም። "ይኼ ጊዜያዊ ነው ወይስ የአየር ሙቀት?" አለ፣ በእንግሊዝኛ ቴምፕ የሁለቱም ማሳጠሪያ ነውና። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ልጁ ለእያንዳንዱ መልስ ሊሰጥ ይሞክራል፣ በመለሰ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። በመጨረሻ መናገሩን ትቶ እዚያው ቆሞ፣ እኛ እያየነው፣ ስሞቹን ማስተካከል ጀመረ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ስም ሦስቴ አጥፍቶ ጻፈው። ማስቆም ነበረብኝ። መድረክ መሪ ተብዬው እኔ ሰዓቴን እያየሁ "ውይይቱ ደምቋል" እል ነበር። ሃምሳ ደቂቃ እንዲህ አለፈ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኮዱን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። የፍለጋ ገጹ ላይ ተጠቃሚው የጻፈው ቃል ሳይጣራ በቀጥታ ዳታቤዙን ከሚጠይቀው የኤስኪውኤል ትእዛዝ ጋር ተቀጥሏል። ዳታቤዙን ለመዝረፍ የፍለጋው ሳጥን ይበቃል ማለት ነው። ያ መስመር ቀን ላይ ግድግዳው ላይ ሰው አክሎ ታይቶ ነበር። ሃያ ዴቨሎፐር ተቀምጠን አንድም ሰው አላየውም። ፎርማተር፣ ማለትም የኮድ አጻጻፍን በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም፣ በሰከንድ በሚጨርሰው የታብ ጉዳይና በስም ላይ ነበርና የምንጣላው።

ጠዋት ደወልኩለት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስተካከለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን አልመጣም። ስጽፍለት በትሕትና "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይለኛል።

ቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በኮምፒውተር ኩባንያው በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ማይክል ፋጋን ባስጀመረው የኮድ ፍተሻ አሠራር ኮዱን ለስብሰባው የሚያነበው ጸሐፊው አይደለም። ሌላ ሰው በራሱ አነጋገር ያብራራዋል። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ኮዱ ችግር አለበት ማለት ነው፣ ጸሐፊውም ቆሞ ራሱን መከላከል አይጠበቅበትም። መጠኑንም በተመለከተ፣ ሲስኮ በተባለው የኔትወርክ መሣሪያዎች ኩባንያ ውስጥ የተደረገ ጥናት በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 መስመር ብቻ እዩ ይላል። እኔ 1,800 ዘርግፌያለሁ!

አሁን ከ300 መስመር በላይ አልቀበልም። ኮዱ ከአራት ቀን በፊት ይላካል፣ ፎርማተር ያላለፈበት ይመለሳል። ስለ ስምና ስለ አጻጻፍ ስልት አዳራሽ ውስጥ ማንሳት ክልክል ነው። የኮድ ሪቪው መመሪያዎች ይኼም የሪቪው አካል ነው ይላሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን በጽሑፍ ይላክ። ያ በር አንዴ ከተከፈተ ሌላ ነገር አይገባም።

ከፋጋን ጋር የማልስማማበትም አለ። ስብሰባው ስህተት ፈልጎ መመዝገብ ብቻ ነው፣ መፍትሔ አይወራም ይላል። ደሞዝ ለሚከፈለው ሠራተኛ ይሁን። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ግን ከሥራ በኋላ ደክሞት፣ ሊማር ነው። "እዚህ ጋ ተሳስተሃል" ብቻ ብዬ ልሸኘው? መጨረሻ ላይ ሃያ ደቂቃ ለመፍትሔ እተዋለሁ።

እንደገና ስንጀምር የቀረበው የእኔ የድሮ ኮድ ነው። አንባቢዋ አንድ ቦታ ስትደርስ ዝም አለች። "እዚህ ጋ ስህተት ቢፈጠር... ምንም አይሆንም ማለት ነው?" አለችኝ። ስህተቱን የሚይዘውን የኮድ ክፍል፣ ካች የሚባለውን፣ ባዶ ትቼዋለሁ። ለሦስት ዓመት። መልስ አልነበረኝም።

ነባሩ ባለሙያ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ስለ ታብ የሚያነሳ ከመጣ አሁን ከእኔ ቀድሞ "ፎርማተር!" ይላል። ልጁ ግን አልተመለሰም።