መጨረሻ ላይ ለምን ሞተ?

ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበትን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍ አንደኛውን ገደልኩት። 18 ገጽ ነበር። በ16ቱ ገጽ ይተዋወቃሉ፣ ይፈራራሉ፣ ቀስ እያሉ ይላመዳሉ። 17ኛው ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መኪና ይመጣና አንዱን ይገጨዋል። በመጨረሻው ገጽ ሌላው ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሟል፣ እንደ ሩቅ ጓደኛ፣ እንደ ልቡ ማልቀስ እንኳን ሳይችል። እኔ ግን ስጽፈው አልቅሻለሁ። ጥሩ ታሪክ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

የጻፍኩትን መጀመሪያ የማስነብባት ጓደኛ አለችኝ፤ እሷም ትጽፋለች። አንብባ ጨረሰችና ዝም አለች። ከዛ «ለምን ሞተ?» አለችኝ።

«ታሪኩ እንደዛ ነው የሚያልቀው» አልኳት።

«ታሪኩ ራሱን አልጨረሰም፣ አንተ ነህ የጨረስከው። መኪናውን ማን ላከው?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ያነበብኳቸውና ያየኋቸው የጌይ ገጸ ባህርያት አብዛኞቹ ሞተዋል፣ አብደዋል፣ ወይ ደግሞ «ተስተካክለው» አግብተዋል። እኔም ሳላውቀው የሰማሁትን ነው የደገምኩት። መኪናው የኔ አልነበረም። ከኔ በፊት የነበሩ ሰዎች አዘጋጅተው ያቆሙት ነው።

ይሄን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም፣ ታሪኩ የታወቀ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1952 ማሪጄን ሚከር የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በብዕር ስም ስለ ሁለት ሴቶች ፍቅር ልብወለድ አወጣች። አሳታሚዋ ገና ከመነሻው መጨረሻው ደስተኛ መሆን እንደማይችል ነገራት። ምክንያቱ ፖስታ ነበር። መጽሐፎቹ በፖስታ ስለሚላኩ ተቆጣጣሪዎቹ እንዲህ ያለውን ፍቅር የሚያበረታታ ነገር ካገኙ ሊያግዱት ይችላሉ። ስለዚህ ፍቅሩ ይጻፍ፣ ግን በመጨረሻው ይቀጣ። እስቲ አስቡት፣ የአንድን ልብወለድ መጨረሻ የወሰነው የፖስታ ተቆጣጣሪ ፍራቻ ነው!

በዚያው ዓመት ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ ስለ ሁለት ሴቶች የጻፈችው ልብወለድም ወጣ፣ እሷም በብዕር ስም። ልዩነቱ የሷ ሴቶች በመጨረሻ አብረው የመኖር ተስፋ ይዘው መቅረታቸው ነው። ለዚያ ለማያውቁት ስም የአንባቢ ደብዳቤ ጎረፈ። ሰዎች ሲያመሰግኗት የነበረው በዋናነት ለዚያ መጨረሻ ነው። በራሷ ስም ያወጣችው በ1990 ነው። 38 ዓመት መሆኑ ነው።

እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር ደግሞ ከዚህም በላይ ጠብቋል። «ሞሪስ» የሚባለውን ልብወለድ በ1914 ጨርሶ ለሚያምናቸው ሰዎች ብቻ ያስነብብ ነበር። የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1971 ነው። ፎርስተር መጨረሻው ደስተኛ መሆን አለበት ብሎ ከመጀመሪያው ወስኖ ነበር። በሐዘን ቢያልቅ ኖሮ ማሳተሙ ይቀል እንደነበር ራሱ ጽፏል። ስም የነበረው፣ የተከበረ ጸሐፊ ነው ይሄ። እድሜውን ሙሉ ያንን ሥራ በመሳቢያ የቆለፈበት ሁለቱ ሰዎች በሕይወት ስለቀሩ ነው።

ማንም እንዳይሞት እያልኩ አይደለም። ሰው ይሞታል፣ ጌይ ሰዎች ደግሞ በጥላቻ ተገድለዋል፣ ይገደላሉም፤ ያንን የሚጽፍ ሰው አከብረዋለሁ። እኔ ግን እንደዚያ አልነበርኩም። የገደልኩት ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቅኩ ነው።

መኪናውን ስሰርዘው ይሄ በደንብ ታየኝ። ታሪኩ 16ኛው ገጽ ላይ ቀጥ አለ። ተዋደዱ፣ እሺ፣ ከዛስ? ማክሰኞ ጠዋት ምን ያደርጋሉ? የመጀመሪያውን መሳም፣ ፍርሃቱን፣ ከሰው መደበቁን ሁሉ መጻፍ እችላለሁ። ተራ ማክሰኞን መጻፍ ግን አቃተኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ማክሰኞ የትም አንብቤ አላውቅም። ሦስት ወር ያህል ፈጀብኝ። አንዱ ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ሌላው ደግሞ መብራት ማጥፋት ይረሳል። አንዱ እናቱ ስትደውል ስልኩን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፣ ሌላው ያንን የሚዘጋ በር እየሰማ ቁጭ ይላል። እዚህ ጋ ስደርስ ታሪኩ መተንፈስ ጀመረ። ያቺ የምትዘጋ በር ከመኪናው የበለጠ አመመችኝ።

አሁን ስለ ቋንቋው ትንሽ ላውራ፣ እዚህ ላይ ብዙ ስለለፋሁ። በአማርኛ የሚወደደው ሰው ፆታ አይደበቅም። «እወድሃለሁ» ካልኩ ግሱ ራሱ ወንድ መሆኑን ይናገራል። «ፍቅሬ»፣ «ሆዴ»፣ «ዓለሜ» ቢሉ ለጊዜው ያስጠልላሉ፣ ግን «መጣ» ወይ «መጣች» ማለት ግድ ነው። «እኔ» ደግሞ በተቃራኒው ፆታ የላትም። «እወድሃለሁ» የሚል ተራኪ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፣ አንባቢ ግን ወዲያው ሴት አድርጎ ይወስዳታል። አንዴ ይሄንን ተጠቅሜ አጭር ታሪክ ጻፍኩ። አንባቢው ተራኪዋ ሴት መስላው ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ የምትወደው ሰው «እኔም እወድሃለሁ» ሲል ተራኪው ወንድ መሆኑ ይወጣል። ብልህ ነገር የሠራሁ መሰለኝ። ጓደኛዬ አልወደደችውም። «ፍቅራቸውን እንቆቅልሽ አደረግከው፣ አንባቢው ፈታሁት ብሎ ይሄዳል፣ ሰዎቹን ግን አላያቸውም» አለችኝ። ልክ ነበረች። አሁን ከመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «አንተ» ይባባላሉ፣ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ቃሎቹም ሌላ ራስ ምታት ናቸው። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ገና ሲነገር ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተራኪዬ ያንን ቃል ከተጠቀመ ገጸ ባህሪው አፉን ሳይከፍት ተፈርዶበታል። «የተመሳሳይ ፆታ ተጣማሪ» ደግሞ የዜና ቃል ነው፣ ማታ ጣራ እያየ ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። በመካከላችን የምንጠራራው «ዜጋ» እየተባባልን ነው። ይሄን ቃል ማን እንደጀመረው ባላውቅም እወደዋለሁ። በድብቅ ለመግባባት የተመረጠ ቃል ነው፣ ግን ትርጉሙን ስታየው ዋናውን ጥያቄ ይዟል። ስለዚህ ገጸ ባህርያቶቼ ሲያወሩ ዜጋ ይላሉ። የሚሰድባቸው ሰው ግን በሚሰድብበት ቃል ይሰድባል፣ ያንን አላለሰልስም።

አብረን በምንጽፍ ሰዎች መካከል የማያልቅ ክርክር አለ። አንዳንዶቹ መብት ምናምን ከልብወለድ ይውጣ፣ ፍቅር ብቻ ይጻፍ ይላሉ። ሌሎቹ በዚህ ጊዜ የማይሟገት ታሪክ ምን ይሠራል ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። በአንዱ ረቂቅ ላይ ገጸ ባህሪዬ ለእህቱ ሁለት ገጽ ሙሉ ንግግር ያደርግላታል፦ የዓለም ጤና ድርጅት ሜይ 17 ቀን 1990 ይሄ በሽታ አይደለም ብሎ ከዝርዝሩ አውጥቶታል፣ ደቡብ አፍሪካ በ1996 ሕገ መንግሥቷ ላይ በዚህ ምክንያት ማግለልን ከልክላለች፣ ሕንድ በ2018፣ ቦትስዋና በ2019 ይሄን ፍቅር ወንጀል የሚያደርገውን የድሮ ሕግ በፍርድ ቤት ጥለውታል... ሁሉም እውነት ነው። ግን ማንም ሰው ለእህቱ እንዲህ አያወራም። እህትየዋ የምትፈልገው እሱ ደህና መሆኑን ማወቅ ነው። ሁለቱንም ገጽ አወጣሁ።

መብቱ ታሪኩ ውስጥ የገባው በሌላ በር ነው። አንዱ ታመመ። ሌላው ሆስፒታል ወሰደው፣ ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ቆመ። ነርሷ ፎርም ይዛ መጣችና «የታማሚው ምንህ ነህ?» አለችው። 11 ዓመት አብረው ኖረዋል። «ጓደኛው» አለ። «ቤተሰብ ካለ ይጠራልን» አለችው። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ፎርሙ ላይ ለእሱ የሚሆን ቦታ የለም። አሥር ዓመት ያልተገናኘው ወንድምየው ተጠርቶ መጥቶ ፈረመ። ይሄንን ከጻፍኩ በኋላ መብት ምንድን ነው የሚለኝ ሰው ካለ ያንን ገጽ ነው የምሰጠው።

ክርክር ውስጥ ስገባ ግን ቁጥርና ሕግ አልፈራም፣ እዚያ ቦታቸው ነው። ብዙ የሚገጥመኝ «ልዩ መብት ነው የምትፈልጉት» የሚለው ነው። ያኔ ስለ ኒኮላስ ቱነን እነግራቸዋለሁ። የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ሰው ነው። የክልሉ ሕግ በወንዶች መካከል የሚደረግን ወሲብ፣ በገዛ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ወንጀል ያደርገው ስለነበር ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ አመለከተ። በ1994 ኮሚቴው የግል ሕይወቱ ተጥሷል ብሎ ወሰነለት። የጠየቀው ማንም ሰው የሚጠይቀውን ነው፣ የቤቴ በር የቤቴ በር ይሁን ነው ያለው። ይሄ ልዩ መብት ከሆነ ሁላችንም ልዩ መብት ላይ ነን።

ሕጉ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር አያስቆምም፣ የሚያስታጥቀው አስፈራሪን ነው። እንግሊዝ በ1885 ያወጣችው ተመሳሳይ ሕግ የአስፈራሪዎች ፈቃድ እስከመባል ደርሶ ነበር። ያውቅብሃል፣ ገንዘብ ይጠይቅሃል፣ ለፖሊስ ብትናገር የምትታሰረው አንተ ነህ። ጸሐፊው ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሁለት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ የተፈረደበት በዚያ ሕግ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በነበረው ችሎት ደግሞ የተቃራኒው ወገን ጠበቃ የዋይልድን የራሱን ልብወለድ አንቀጾች እያነበበ አፋጦታል። ለምናብ የተጻፈ ገጽ በጸሐፊው ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ይሄን ሳስብ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ምክንያቱም አንዴ ራሴ አጥፍቻለሁ። አንድ ወዳጄ በእምነት የነገረኝን ትዝታ ስሙን ብቻ ቀይሬ ታሪክ ውስጥ አስገባሁት። አንብቦ ራሱን አወቀ። አልተቆጣም። ፈራ። «እኔ ካወቅኩት ወንድሜም ያውቀዋል» ነው ያለኝ። ታሪኩን በሙሉ አጠፋሁት፣ ያለኝን ቅጂ ሁሉ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፣ ጽሑፉ ሳይሆን ያ ፊቱ። ዛሬም ከ60 በላይ አገሮች ይሄን ፍቅር ወንጀል ያደርጋሉ፣ ስለዚህ ለሚጽፍ ሰው ሁሉ የምለው ይሄንን ነው፦ የሰው ታሪክ ከወሰዳችሁ ሥራውን፣ ከተማውን፣ ጠባሳውን፣ የቤተሰቡን ቁጥር ሁሉ ቀይሩ፣ ከዛ ለባለቤቱ አስነብቡት፣ እምቢ ካለ ተዉት።

በዚህ ከማያምኑ ሰዎች ጋር አወራለሁ። ሃይማኖቴ አይፈቅድም የሚለኝን እሰማዋለሁ፣ ከገጸ ባህርያቶቼ አንዱ ራሱ ማታ ማታ የሚጸልይ ነው፣ እና ጸሎቱን ስጽፍ ከልቤ ነው የምጽፈው። ለልጄ እፈራለሁ የሚለኝንም እሰማለሁ። ይገደሉ ከሚል ጋር ግን አልነጋገርም። እዚያ ላይ ንግግር የለም።

በዚህ ሁሉ መሃል ብዙ ጊዜ የማስበው ኬንያዊውን ጸሐፊ ቢንያቫንጋ ዋይናይናን ነው። በጥር 2014 ናይጄሪያ በዚህ ፍቅር ላይ አዲስ ጨካኝ ሕግ ባወጣችበት ሰሞን ጌይ መሆኑን በአደባባይ ጻፈ። ቁጡ መጣጥፍ መጻፍ ይችል ነበር፣ ያውቅበታል። እሱ የጻፈው ግን በእውነት ያልተፈጸመ ነገር ነው። እናቱ በ2000 ስትሞት እሱ አጠገቧ አልነበረም፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን አልጋዋ ጋ ደርሶ በጆሮዋ ይነግራታል። ያልነገራትን፣ ሊነግራት የማይችለውን። ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛውን የሚነግረን። ልብወለድ ምን ያደርጋል ለሚሉኝ ሌላ መልስ አልፈልግም።

ያ የመጀመሪያው ታሪክ አሁን 43 ገጽ ሆኗል። ታማሚው ድኗል። ወንድምየው መሄጃው ሲደርስ በሩ ላይ ይቆምና ሌላኛውን ያየዋል፣ ብዙ ደቂቃ፣ ከዛ የሆስፒታሉን ወረቀት በሙሉ አጣጥፎ ለሱ ይሰጠዋል፣ ምንም ሳይናገር። ባለፈው ሳምንት ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ስትመልስልኝ የነርሷን ንግግር አስምራበታለች። ጎኑ ላይ «ሌሊት ሙሉ የቆመች ነርስ ይሄን ያህል አታወራም፣ አሳጥረው» ብላ ጽፋለች። ዛሬ ማታ እሱን ነው የምሠራው።