ልጆቹስ?

ትናንት ማታ ቆቺ ሰፈር፣ ቤታችን ቁጭ ብለን ፊልም አየን። መርካቶ ፍላሽ የሚሞላልኝን ልጅ «የሚያስፈራ ነገር ጫንልኝ» ብዬው ነበር። እኔ የጠበቅኩት ጋኔን ነው። (ጋኔን ቢሆን ይሻለኝ ነበር።) የመጣው ግን በፈጣሪ ስም ሰው የሚገድሉ አክራሪዎች፣ ከዚያ ደግሞ ቤታቸውን የከበበ የመንግሥት ኃይል ነው።

እማዬ በርጩማዋ ላይ ሆና ቡና እየቆላች ታያለች። እንግሊዝኛ አታውቅም። መጀመሪያ ሰባኪውን ረገመችው። ፖሊስ ሲመጣ «ተመስገን፣ ደረሱላቸው» አለች። ተኩሱ ሲጀመር እጇ ቆመ።

«ልጆቹስ?» አለችኝ። «ውስጥ ያሉት ልጆችስ?»

ቡናው አረረ። እማዬ ቡና አሳርራ አታውቅም።

ፈጠራ ነው ልላት ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ዌኮ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። ዴቪድ ኮሬሽ የሚባል የሃይማኖት ቡድን መሪ ከነተከታዮቹና ከነመሣሪያው መሽጎ፣ የመንግሥት ኃይል ለ51 ቀናት ከበባቸው። በመጀመሪያው ቀን 4 የመንግሥት ወኪሎች ተገደሉ። በመጨረሻው ቀን የታንክ ዓይነት ተሽከርካሪና አስለቃሽ ጋዝ ገባ፤ ቤቱ ተቃጠለ። ከ70 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙ ሕፃናት ነበሩበት። እሳቱን ማን ለኮሰው የሚለው ክርክር ለዓመታት ቀጠለ።

በሌላው አስፈሪ ፊልም ጭራቅ ሲመጣ ወደ ፖሊስ ትሮጣለህ። እዚህ የት ይኬዳል?

እማዬ ያረረውን ደፍታ ሌላ ቆላች። ፊልሙን አልጨረስነውም።