ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ሞቶብኝ ነበር

ከታላቅ ወንድሜ ጋር የተጣላነው በገንዘብ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። በአደራ የሰጠኝን በላሁ፤ ሲጠይቀኝ ደግሞ ጮኼበት ስልኩን ዘጋሁት። «ትንሽ ይብረድለትና ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» እያልኩ ወራት አለፉ። ከዚያ በድንገት ሞተ።

ቀብሩ ላይ እንባ እንኳ አልወጣኝም። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ያ የተናገርኩት ክፉ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ንስሐ ገብቻለሁ። በአፌ አሜን ብያለሁ። ውስጤ ግን እሺ አላለም።

አንድ ሌሊት መዝሙር 51ን ገለጥኩ፤ በሰባ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር 50ኛው ነው። በቃሌ የማውቀው ነው። ችግሩም እሱ ነበር፤ ምላሴ ላይ ይንከባለላል እንጂ ልቤ አይደርስም። የዚያን ለት ቀስ ብዬ ያዝኩት። አንድ ሐረግ አነብና ዝም እላለሁ። ያንኑ እደግመዋለሁ። «ኃጢአቴም ሁልጊዜ በፊቴ ነውና» የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። የኔው የ9 ሰዓት ጉድ ነዋ!

ቀጥሎ ያለው ግን ሁሌም ያናድደኝ ነበር። «አንተን ብቻ በደልሁ» ይላል። እንዴት ብቻ? ወታደሩ ኦርዮስ? ዳዊት ሚስቱን ወስዶበት፣ እሱን ጦር ሜዳ ላይ አስገድሎት? ዳዊት በብልሃት ያመለጠ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ነቢዩ ናታን መጥቶ ሲገሥጸው ኦርዮ ሞቷል። ዳዊት እግሩ ላይ ወድቆ ማረኝ የሚለው ሰው የለም። የሚሰማው የቀረው አንድ እግዚአብሔር ነው። (መምህራን በሌላ መንገድ ያብራሩት ይሆናል፤ እኔ ያገኘኝን ነው የምናገረው።)

የወንድሜን ስም ጠራሁና እግዚአብሔርን «አንተ ንገርልኝ» አልኩት። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ወደ መጀመሪያው ቁጥር ተመለስኩ። «እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ»። በማን መጠን? በቸርነቱ። እኔ እስከዚያች ሌሊት በበደሌ መጠን ስሰፍር ነበር የከረምኩት። እዚያው ላይ ደጋግሜ ስቆም እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲነጋ መጽሐፉ ደረቴ ላይ ነበር።

ገንዘቡን ለሚስቱ በሦስት ጊዜ ከፍዬ ጨረስኩ። የመጀመሪያውን ስሰጣት እጄ እየተንቀጠቀጠ «የሱ ነው፤ በልቼበት ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ ወንድሜ» አለችኝ። «ሲበርድለት ይመጣል ይለኝ ነበር።»